እናቶች መጥተዋል፤ እጃችንስ ተዘጋጅቷል?

(በዓለም አቀፉ የአዋላጆች ቀን ጅማ ከተማ ላይ ለተሰበሰቡ አዋላጅ ነርሶች፣ ተማሪዎችና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ የቀረበ።)

እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን! አሰላሙ ዓለይኩም!

የተከበራችሁ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ መምህራን፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተረኛ አድራችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትከድኑ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ዛሬ ሚያዝያ 27 ነው። አገሩ በሙሉ የአርበኞችን ቀን ያከብራል፤ የእኛም ቀን በዚሁ ዕለት መዋሉ ሁሌም ደስ ያሰኘኛል።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ስለ መጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ስለ ስልጠና ነው፤ የምንሰለጥነው ነገር ለምን እጃችን ላይ አይቆይም? ሦስተኛው ከማዋለጃ ክፍሉ በር ወዲያ ስላለው ነው። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። የመጣሁት ለእሱ ስለሆነ ታገሡኝ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር እንተማመን። ለዓመታት እናቶችን ምን ስንላቸው ኖርን? «ቤት አትውለዱ፣ ጤና ጣቢያ ኑ» ነው ያልናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ። የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ተካሄደ። የእናቶች ማቆያ ተሠራ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ ቡና ተፈላ። እናቶችም ሰሙን። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 26 ደረሱ። በ2019 48 ሆኑ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እጁ አለበት።

የጨቅላዎቹ ሞትስ? እ.ኤ.አ. በ2005 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 39ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይሞሉ ይሞቱ ነበር። በ2016 ወደ 29 ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቆመ፤ በ2019ኙ ጥናት ከ30 በታች አልተገኘም። ዓለም በ2030 ወደ 12 ለማውረድ ተስማምቷል። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ እጥፍ ሲጠጉ፣ ሞቱ ለምን ፈቀቅ አላለም? እናትየዋ የተባለችውን አድርጋለች። ቤቷን ጥላ፣ ጭቃውን ረግጣ፣ በባጃጅም በቃሬዛም መጥታለች። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው።

አንደኛ፤ የመጀመሪያዋ ደቂቃ።

አብዛኞቹ ጨቅላዎች ማንም ሳይረዳቸው ያለቅሳሉ። ከ100 ውስጥ 10 ያህሉ ግን እርዳታ ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህም ለብዙዎቹ ማድረቅና ጀርባን ማሸት ይበቃል። ጥቂቶቹ፣ ከ100 ከ3 እስከ 6 የሚሆኑት፣ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው መሣሪያ፣ ትንፋሽ ካልተሰጣቸው አይነሱም። ቱቦና መድኃኒት የሚያስፈልገው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት ያዙልኝ! የእነዚያ ሕፃናት ሕይወት ያለው በትልቅ ሆስፒታል ማሽን ውስጥ አይደለም፤ በእናንተ እጅ ነው። ደረቅ ጨርቅ፣ ባግ፣ ቁጥር 0 እና ቁጥር 1 ማስክ ይበቃል። መብራት አይፈልግም። ለመጀመር ኦክስጅን እንኳ አይፈልግም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይሠራል።

የማይታገሠው ጊዜ ነው። ልጁ ከወጣ ጀምሮ በ60 ሰከንድ ውስጥ ወይ ራሱ መተንፈስ አለበት፣ ወይ እናንተ ልትተነፍሱለት ይገባል። «ወርቃማዋ ደቂቃ» የምንላት እሷን ነው።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ከአጋሮ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ለድጋፋዊ ክትትል ሄጄ እዚያው አደርኩ። ክረምት ነው። የጅማን የክረምት ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገባችሁ ያለ ሰው የሚላችሁ አይሰማም። መብራት ጠፍቷል። ተረኛዋ አዋላጅ ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምታወራ ልጅ ናት። ምጡ ረዝሟል። ልጁ ሲወጣ ዝልፍልፍ ብሏል፤ ገርጥቷል፤ ድምፅ የለውም።

የስልኬን መብራት አብርቼ አጠገቧ ቆሜያለሁ። እጄን ልዘረጋ ስል ቀደመችኝ። አደረቀችው፤ እርጥቡን ጨርቅ ወርውራ ደረቁን ሳበች። ጀርባውን ከታች ወደ ላይ አሸችው። ምንም የለም። እትብቱን አሥራ ቆረጠች፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፣ ማስኩን ከአገጩ ጀምራ ወደ አፍንጫው ገጠመችና ባጉን ተጫነች። ደረቱ አልተነሳም።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ደረቱ እምቢ ሲል ባጉን በጥድፊያ መጨመቅ ይመጣል፤ አየሩ በማስኩ ጎን ያመልጣል፤ ጊዜው ይሄዳል። እሷ አልተጣደፈችም። አንገቱን በጥቂቱ ቀና አደረገችው፣ ማስኩን እንደ ገና ገጠመችው፣ ተጫነች። አሁንም የለም። አፉን ጠረገችለት፣ ከፈት አደረገችው፣ ትንሽ ጠንከር አድርጋ ተጫነች። ደረቱ ከፍ አለ! ከዚያ መቁጠር ጀመረች፤ በደቂቃ 40 ጊዜ በሚመጣው ምት፣ ያ የማይሰማው ድምጿ ከዝናቡ በላይ እስኪሰማ። ልጁ ቃተተ፣ ቆየት ብሎ አለቀሰ። እናቲቱ ቀና ብላ «የእኔ ነው?» አለች።

ሲነጋ ጠየቅኳት፤ «የት ነው እንዲህ የተማርሽው?» አልኳት።

«እዚሁ ነው ሲስተር» አለችኝና ወደ ክፍሉ ጥግ አሳየችኝ። መለማመጃው አሻንጉሊት ማስኩን አጥልቆ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ፈረቃ በተረከበች ቁጥር፣ መዝገቡን ከመፈረሟ በፊት፣ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሠራዋለች። ማንም አላዘዛትም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ይወስደኛል።

ስልጠና ሕይወት ያድናል ወይ? ያድናል! ዛምቢያ ውስጥ በሉሳካና በንዶላ ከተሞች በ18 ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ አዋላጆች የዓለም ጤና ድርጅትን የጨቅላ ሕፃናት መሠረታዊ እንክብካቤ ኮርስ ወሰዱ። ልጅን ማሞቅ፣ ጡት ማስጀመር፣ ትንፋሽ መስጠት፣ የአደጋ ምልክትን መለየት፤ እኛም የምናውቀው ነው። እናቶቹ ችግር አይገጥማቸውም ተብለው በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚወልዱ ናቸው። ከስልጠናው በፊት ከ1,000 ሕፃናት 11.5ቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይሞቱ ነበር። ከስልጠናው በኋላ 6.8 ሆነ። አዲስ ሕንፃ አልተሠራም። ለውጡ የመጣው በአዋላጆቹ እጅ ነው።

ታዲያ እኛስ አልሰለጠንንም? ሰልጥነናል እንጂ! ሰርተፊኬታችን ፋይል ሞልቷል። እስኪ እንነጋገር፤ ስልጠናችን እንዴት ነው? ከተማ ውስጥ ሆቴል ይያዛል። ከየጤና ጣቢያው አንድ ሰው ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚላከው ኃላፊው ነው፣ ወይም ተራው የደረሰው፤ ሌሊት የምታዋልደው ልጅ ተረኛ ናትና ትቀራለች። ስላይድ ይታያል፣ አሻንጉሊቱ በሃያ ሰው መሃል ይዞራል፣ አበል ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል። አሻንጉሊቱ ወደ ካርቶኑ፣ ሰልጣኙ ወደ ወረዳው ይመለሳል። አበሉን አልነቅፍም፤ የአዋላጅን ደመወዝ አውቀዋለሁ። የምለው፣ እዚያ ላይ ከቆመ ሕፃኑ ጋ አይደርስም ነው።

ታንዛኒያ ውስጥ ሃይዶም የሚባል ገጠር ሆስፒታል አለ። ይህንኑ ነገር በግልጽ ፈትነው አይተውታል። በመጀመሪያ ሠራተኞቹን ለአንድ ቀን አሰለጠኑ። አሻንጉሊቱ ላይ ሲፈተኑ ጎበዝ ሆኑ። እውነተኛ ሕፃን ላይ የሚያደርጉት ነገር ግን አልተለወጠም! ደግሜ ልበለው፤ ፈተናውን አለፉ፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን እንደ ድሮው ነበሩ። ቀጥሎ ምን አደረጉ? እዚያው ማዋለጃ ክፍል አጠገብ አጭር አጭር ልምምድ ቶሎ ቶሎ ማድረግ ጀመሩ። ያኔ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ።

እጅ ካልሠራ ይረሳል፤ ለወራት ያልጋገረች ባለሙያ ሴት እንኳ የመጀመሪያው እንጀራ ይጣበቅባታል። አንዲት አዋላጅ ወር ሙሉ ብታዋልድ፣ ባግ የሚያስፈልገው ልጅ ላያጋጥማት ይችላል። የሚያጋጥማት ቀን ደግሞ ሌሊት ነው፣ ብቻዋን ናት፣ እናትየዋም ደም እየፈሰሳት ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ሞጁል አይገለጥም።

ባጉን ለማንሳት ግን ባጉ መኖር አለበት፤ እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ገብቼ፣ «አምቡ ባጋችሁን አሳዩኝ» አልኩ። ሁሉም ተያዩ። የት እንደ ነበር ገምቱ!

(ከአዳራሹ፦ «ተቆልፎበት!»)

ተቆልፎበት! በካርቶኑ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉ ሰው ቅዳሜና እሑድ የለም። ለምን ተቆለፈ? በሞዴል 22፣ በንብረት መውጫው ቅጽ፣ የፈረመችው ልጅ ቢጠፋ ከደመወዟ እንዳይቆረጥ ፈርታ ነው። እሷን ማን ይፈርድባታል? ንብረቱ ተጠብቋል። ለኦዲት የሚያስጠይቅ ነገር የለም። በዚያ ጤና ጣቢያ የቅዳሜ ሌሊት የሚወለድ፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ግን ማን ይጠይቅለት?

ኃላፊዎች፣ እለምናችኋለሁ። ባጉ ከማዋለጃ አልጋው በእጅ በሚደረስበት ቦታ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከሁለቱ ማስኮች ጋር ይቀመጥ። ቢጠፋ የሚጠየቀው ተቋሙ ይሁን እንጂ አንዲት ተረኛ አትሁን።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ መዝገቡ ነው። ከመውለጃ መዝገባችን ላይ «ሞቶ የተወለደ» የሚለውን ዓምድ ስታዩ ምን ይሰማችኋል? እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ በእርግጥ ሞቶ ነው የተወለደው? ቆዳው የተላላጠ፣ ማኅፀን ውስጥ ከሞተ የሰነበተ ልጅ ይለያል። ቆዳው ደህና የሆነ፣ የማያለቅስ፣ የማይንቀሳቀስ ልጅስ? የእትብቱን ሥር በሁለት ጣት ያዝ ያደረገ ሰው አለ? ደረቱን በስቴቶስኮፕ ያዳመጠ አለ? ልቡ እየመታ ጨርቅ የተሸፈነበት ልጅ የለም ብላችሁ ታስባላችሁ?

በአርጀንቲና፣ በኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች አዋላጆችን በዚሁ የዓለም ጤና ድርጅት ኮርስ አሰልጥኖ ውጤቱን ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነበር። ከስልጠናው በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ብዙም አልቀነሰም። ሞተው ተወለዱ የሚባሉት ግን ከ1,000 ከ23 ወደ 15.9 ወረዱ። ስልጠናው የተሰጠው ለአዋላጅ ነው፤ ሙት የሚወለደው ታዲያ እንዴት ቀነሰ? አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ድሮ ሞቷል ተብሎ ይተው የነበረው ልጅ አሁን ትንፋሽ ተሰጠው። ከነዚህ አንዳንዶቹ አልሞቱም ነበር፤ የሞከረላቸው ጠፍቶ ነው። አንዲት እናት «ሙት ወለድኩ» ብላ ዕድሜ ልኳን ስትናገር፣ ባሏም አማቷም «ምን አድርጋ ነው» እያሉ ሲያሟት፣ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሞቶ የተወለደ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስሙት! ልቡን ስሙት!

ለተማሪዎቻችንና ለመምህራን አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ተማሪን ከክፍል አውጥታ ወደ ሕዝቡ በመላክ የታወቀች ከተማ ናት። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት መለያው ነው፤ ዛሬም ተማሪው ለቲቲፒ፣ ማለትም በቡድን ለሚደረገው የመስክ ልምምድ፣ በየጤና ጣቢያው ይወጣል። ታዲያ ሲወጣ አሻንጉሊቱን ይዞ ለምን አይወጣም? በማዋለጃ ክፍል አሥር ተማሪ አልጋውን ከብቦ ያያል፣ የሚነካው አንዱ ነው። በቆይታው ማታ ማታ ከተረኛዋ ጋር ሆኖ አንድ ጊዜ ቢለማመድ፣ እሱም ይማራል፣ እሷም አትረሳም። በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ መምህራን በዚህ ዙር ሞክሩት።

ሦስተኛ፤ ከማዋለጃው በር ወዲያ። በአጭሩ ነው የምለው።

ልጁ አለቀሰ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም አደገኛው ነው። በእኛ አገር ግን እናት ደሟ ቆም ሲል፣ ገንፎዋን ቀምሳ፣ ስድስት ሰዓት ሳትቆይ ልሂድ ትላለች፤ አልጋ ስለሌለን እኛም እሺ እንላለን። 24 ሰዓት ማቆየት ካልቻልን ቢያንስ ቤት ላለው ሰው እንናገር። ቤት ያለው ሰው ማን ነው? አማት ናት።

አንድ ጊዜ አንዲት ትልቅ ሴት የልጅ ልጃቸውን እትብት ቅቤ ሊቀቡ ጣታቸውን ነክረው አገኘኋቸው። ቁጣ አልሠራም ነበር፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ቅቤው ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እንዲለሰልስለት ነዋ ልጄ፤ እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው።»

«እማማ፣ እትብቱ ቶሎ የሚረግፈው ሲደርቅ ነው። ቅቤው ጀርም ይይዛል። ቅቤውን ለእናቱ ገንፎ ያድርጉላት፤ ለልጁ ግን ምንም አይቀቡት።»

ሳቁና ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለእሳቸው የነገራቸው ስላልነበረ ነው። በዚህ አጋጣሚ እናንተ ራሳችሁ ጀርም ገዳዩን የእትብት ቅባት፣ ክሎሄክሲዲንን፣ ከሰጣችኋቸው፣ ከዓይን ቅባቱ እንዳይምታታ ቱቦውን በእጃቸው አስይዛችሁ አሳዩ። ክሎሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

እንገሩ አይፈስስ፤ የመጀመሪያው መከላከያው ነው። ገላውን በመጀመሪያው ቀን አትጠቡ። በክረምት ሌሊት እርጥብ ሆኖ የተተወ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ክብደቱ ያነሰ ከሆነ ደግሞ ከእናቱ ደረት የተሻለ ማሞቂያ የለንም። ልጁን ከእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማቆየት፣ የካንጋሩ እንክብካቤ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው በኮሎምቢያ ቦጎታ ነው፤ ማሞቂያው ሳጥን ለልጆቹ አልበቃ ሲል። በ2021 የታተመ፣ ታንዛኒያንና ጋናን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተደረገ ጥናት፣ ከውልደት ወዲያው ደረት ላይ የተደረጉ ትንንሽ ሕፃናት ሞት በሩብ መቀነሱን አሳይቷል። እናቲቱ ሲደክማት አባትየውም ደረት አለው፤ አባቶችን ከበር አትመልሷቸው።

የመጨረሻ ልመናዬ ለወረዳ ኃላፊዎች ነው። የሰለጠነችን አዋላጅ በሦስተኛው ወር ወደ ካርድ ክፍል ወይም ወደ ተመላላሽ አታዛውሯት። ካዛወራችሁም ቀድማ የምትተካትን ታሰልጥን። በወር አንድ ቀን ደግሞ፣ ሪፖርት ሲሰበሰብ፣ «ስንት ወለዱ?» ካላችሁ በኋላ «ስንት ጊዜ ተለማመዳችሁ?» ብላችሁ ጨምሩ። የምትጠይቁት ነገር ይሠራል፤ የማትጠይቁት ይቀራል።

ንግግሬ ይብቃኝ። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ከአዳራሹ ጀርባ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ አሻንጉሊቶች፣ ባግና ማስክ ተዘጋጅተዋል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፤ አንዱ ሲሠራ አንዱ ሰዓት ይያዝ። ተረኛ አድራችሁ የመጣችሁ ቅደሙ፣ መሄድ አለባችሁ። ኃላፊዎችም ኮታችሁን አውልቁና ኑ፤ ደረቱ ሲነሳና ሳይነሳ ያለውን ልዩነት በእጃችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። እኔ በግራ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ፤ ጥያቄ ያለው ሰው እዚያው ይምጣ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።